የተበደርነው ስም

የምውለው በባንክ መስኮት ጀርባ ነው። በቀን ከአርባ የማያንስ ሰው ፊቴ ቆሞ ስሙን ይነግረኛል፤ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን። አሁን አሁን የፋይዳ ቁጥር ስለሚጠየቅ ስሙ ከኮምፒዩተሩ ይወጣል እንጂ፣ እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ቅጹን በእጁ የሚሞላው ደንበኛው ራሱ ነበር። ታዲያ አልፎ አልፎ እስክሪብቶው ከሁለተኛው ስም በኋላ የሚቆምበት ሰው ይገጥመኝ ነበር። ጣሪያውን ያያል፣ ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ያያል፣ ከዚያ አንድ ስም ይጽፋል። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ «ቶሎ ቶሎ ይሙሉ እንጂ!» ይል ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አባቴ በእንዲህ ያለ ቅጽ ፊት እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁና።

የአባቴ ሦስተኛ ስም ውሰት ነው። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ አባት፣ በ1932 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በሐይቅ አካባቢ ሲወለዱ «ልጁ የኔ ነው» የሚል ወንድ አልተገኘም። የእናታቸው አባት ስሙን አበደራቸው። ይህ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በስንቱ ቤት የእናት አባት አባት ሆኖ ተጽፏል! እናታቸውን በቤታችን የምንጠራት እምዬ እያልን ነው። እምዬ በ1974 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ልጅ አባት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሷ ዝም ስትል ሰው ተናገረላት። አያቴ ቀይ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ለስላሳ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ። ዘመኑ የጣልያን ዘመን ነው። ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ በሐይቅ በኩል ሲሠራ እምዬ ለካምፑ ጠላና ዳቦ ታመላልስ ነበር። ሰው ይህን ከዚያ ጋር ደመረና ድምሩን «የጣልያን ዲቃላ» አለው።

አያቴ በዚህ ስም አደጉ። በቄስ ትምህርት ቤት ሳሉ ፊደል ከቆጠሩባቸው ቀናት ድንጋይ የተወረወረባቸው ይበዙ እንደነበር ነግረውኛል። በ1949 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኑ፤ እዚያም «ጣልያኑ ሰፊ» ተባሉ። በዚህ ስም የሚስቁ መስለው ኖሩ። ሚያዝያ 27 ሲደርስ ግን ሱቃቸውን ዘግተው፣ የቤቱን መስኮት ዘግተው፣ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ይውሉ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የድሉን በዓል ሊያይ ሲወጣ እሳቸው ራሴን አሞኛል ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ሚያዝያ 27 የራስ ምታት ቀን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ሐሜት ጠቅሟቸዋል። በ1979 ዓ.ም. አባቴ እናቴን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ የደብረ ብርሃኑ የእናቴ አጎት እንደ ወጉ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። አያቴ በእናታቸው በኩል ሳይደናቀፉ እስከ አምስት ቆጠሩ። «በአባትስ?» ተባሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአያቴን ፊት አየት አድርገው «በዚያ በኩል እንኳ ዝምድና አያሰጋንም፤ ባሕር ማዶ ነው» አሉና ሁሉም ሳቀ። ሠርጉም ተደገሰ። እኔ የተወለድሁት በዚያ ሳቅ ነው ማለት ይቻላል።

አያቴ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ይህን ነገር መከተል ጀመርሁ። በመጀመሪያ የተከተልሁት ጣልያናዊውን ነበር። ስለዚያ ዘመን ሕግ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። የፋሺስቱ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣልያናዊ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀው ነበር። በ1932 ዓ.ም.፣ ልክ አያቴ በተወለዱበት ዓመት፣ የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣልያናዊው ወላጅ ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ፤ የማሳደጉን ወጪም ባገሬው ወላጅ ላይ ጣለ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያን የማላውቀውን ሰው ይቅር አልሁት። ባይከለከል ኖሮ ስሙን ይሰጠን ነበር ብዬ አሰብሁ። አካፋውን ተደግፎ ወደ ካምፑ የምትመጣዋን ልጅ የሚጠብቅ፣ አገሩ የናፈቀው ወጣት አድርጌ ሣልሁት። ግጥምም ጻፍሁለት፤ የባንክ ሰው ግጥም መሆኑ ያስታውቃል፦

ስሜን እስከ አራት ቤት ቆጥሬ ጻፍሁት፣
ሦስቱ የቤቴ ናቸው፣ አንዱን ተበደርሁት፤
አበዳሪው ሞቷል፣ ሰነዱም ጠፍቷል፣
ወለዱ ግን አድጎ ከዋናው በልጧል።

ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ። በግጥምነቱ ሳይሆን ለማን እንደተጻፈ ሳስብ ነው የማፍረው።

ሰነድ ፍለጋ የገባሁበትን መንገድ ባጭሩ ልለፈው፤ መንገዱም አጭር ነበር። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ1932 ዓ.ም. በገጠር የተወለደን ልጅ የመዘገበው የሰው ልብ ብቻ ነው። ድሮ በርስት አገር ይህ ልብ ከመዝገብ አያንስም ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ካልደረሰ መሬት አያገኝምና፣ ትውልድ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በዳኛ ፊት እንደ ሰነድ ይጠሩ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ያ እውቀት ሥራ ፈታ። አዋጁን ስሕተት ነው የምል ሰው አይደለሁም፤ የኔ ቤተሰብ ጭሰኛ ነበር። ነገር ግን ከጭሰኝነቱ ጋር የመቁጠሩ ልማድም አብሮ ሄደ።

በ2011 ዓ.ም. ሐይቅ ሄጄ አንድ የዘጠና ዓመት መሪጌታ አገኘሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ትዝታቸው ግን ስለት ነበር። ጣልያን ድንጋይ ሲያስፈልጥ የነበረውን ድምፅ በአፋቸው አሰሙኝ። ስለ እምዬ ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉና «የጣልያን ነው የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ እሷ አላለችም» አሉኝ። ሌላ ነገር እንዲጨምሩ ብለማመጣቸው ወሬውን ወደ ዘንድሮው ዝናብ አዞሩት። ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ መንገዱ ተከፍቶ ሰው ልኬ ባስጠይቅ አርፈዋል።

የእሳቸውን ቃል ለአክስቴ ነገርኋት። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እኅት ናት፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። በ2012 ዓ.ም. ልጇ ለገና የዲኤንኤ ምርመራ ዕቃ ሰጥቷት በትንሿ ብልቃጥ ምራቋን ሞልታ ላከች። ውጤቱ በመጣ ዕለት በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለችልኝ። «ጣልያን የለም!» አለችኝ፤ ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው። «ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ ነው የሚለው፤ ማሽኑ ተሳስቷል።»

ማሽኑ በጥቂቱ ሊሳሳት ይችላል። እነዚህ ድርጅቶች የሰውን ምራቅ በእጃቸው ካለው ናሙና ጋር አስተያይተው ነው መቶኛ የሚሰጡት፤ ሁለትና ሦስት በመቶ ዛሬ ታይቶ ነገ ቢጠፋ አይደንቅም። ነገር ግን አያቴ ግማሽ ጣልያን ቢሆኑ ኖሮ ልጆቻቸው ወደ ሩብ የሚጠጋ ሊኖራቸው ይገባ ነበር፤ ሩብ ደግሞ አይሰወርም። እኔም እንደ ሙያዬ ሁለተኛ ፊርማ ፈለግሁ። አባቴ በ2015 ዓ.ም. እኅቱን ሊጠይቅ ሲሄድ የእሱም ምራቅ ተላከ። በተጨማሪም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ የተባለው ክሮሞዞም እንዲታይ አስደረግን። ይህ ክሮሞዞም ያ ያልታወቀው ሰው ለአያቴ፣ አያቴ ለአባቴ፣ አባቴም ለእኔ ያቀበሉት ነው፤ ስም ቢቀየርም እሱ አይቀየርም። ውጤቱ ኤ-ኤም13 የተባለው ቅርንጫፍ ሆነ፤ በኢትዮጵያና በሱዳን ሰዎች ዘንድ የታወቀ፣ በአውሮፓ ግን ከስንት አንድ የሚገኝ። የአባቴም መቶኛ ከእኅቱ አልተለየም።

ታዲያ ያ ቅላት ከየት መጣ? በ2017 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ሰዎች የቆዳ ቀለም ላይ ተመሥርቶ እንደሚያሳየው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ቆዳን የሚያነጣው አንድ የዘር ለውጥ በኢትዮጵያም በብዛት ይገኛል፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባውም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ሙሶሊኒ ሳይወለድ፣ ሮም ራሷ ሳትቆረቆር ማለት ነው። አያቴ በቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የተወገሩት አገራቸው ከጥንት ጀምሮ በነበራት መልክ ነው። ይህን ባነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰባ ዓመት ሙሉ የድል በዓል ሲመጣ መስኮት የዘጉት በከንቱ ነበር። ስምንት ዓመት ቢቆዩልኝ ኖሮ ወረቀቱን ይዤ አልጋቸው ላይ እቀመጥ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ጣልያኑ ከቤታችን ወጣ፤ ወንበሩ ግን ባዶ ሆነ።

የእነዚህ ምርመራዎች ሌላው ሥራ ዘመድ ማገናኘት ነው። በመዝገባቸው ካሉት ብዙዎቹ አሜሪካውያን ስለሆኑ ለአባቴ የሚወጡለት ዘመዶች እጅግ የራቁ ነበሩ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ግን አንዲት ሴት መጣች። ደሴ ተወልዳ ቶሮንቶ የምትኖር፣ የአባቴ እኩያ። ከአባቴ ጋር የምትጋራው 438 ሴንቲሞርጋን ነበር። ይህ መለኪያ ሁለት ሰዎች ከአንድ ምንጭ የወረሱት የዘር ክር ምን ያህል እንደሆነ የሚሰፈርበት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ አያት ብቻ ሲጋሩ፣ ማለትም የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ሆነው ሴት አያታቸው ስትለያይ፣ የሚጠበቀው መጠን ወደ 450 ግድም ነው። ሴትዮዋ በእናቷ በኩል ሐረር ናት። በአባቷ በኩል የወሎ ሰው ነኝ ብላ የአያቷን ስም ጻፈችልን።

አክስቴ ስሙን በስልክ ስታነብልኝ መልሼ መላልሼ አስነበብኋት። ያን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በቤታችን በእግዚአብሔር ስም ቀጥሎ የሚጠራ ስም ነው። የአያቴ የክርስትና አባት ናቸው።

የእምዬ አባት የእኚህ ሰው ጭሰኛ ነበር። እሷም ገና ልጅ ሳለች ወደ ቤታቸው ለሥራ ተሰጥታለች። ለካምፑ ጠላና ዳቦ የምታመላልሰው በጌታዋ ትእዛዝ ነበር። አባት የሌለው ልጅ በተወለደ ጊዜ እኚያ ባለጸጋ «እኔ ክርስትና አነሣዋለሁ» ብለው በአርባ ቀኑ ታቦቱ ፊት ይዘውት ቆሙ። አገሩ ደግነታቸውን ሲያወራ ኖረ፤ እኛም ስናወራ ኖርን። በየፋሲካው ስንዴና ሙክት ይልኩ ነበር። ልጁን ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው፣ ደሴ ያስተማሩ እሳቸው፣ አዲስ አበባ ሲሄድ የሲንጀር መኪና ገዝተው በአውቶቡስ ጣሪያ ያስጫኑለት እሳቸው። መኪናው ዛሬም በአባቴ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል።

አንባቢ ሆይ፣ የክርስትና አባት ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ እናት አበልጇ ይሆናል፤ አበልጅ ለአበልጅ እኅት ናት፤ በመካከላቸው ሌላ ነገር አለ ብሎ ማሰብ ራሱ ነውር ነው። እንግዲህ እኚያ ሰው ልጃቸውን በክርስትና ሲያነሡ የማንንም ጥርጣሬ የማያስገባ በር ዘግተው ቁልፉን ለታቦት ሰጡ። «ጣልያን ነው» የሚለው ሐሜት ሲነሣ ደግሞ አልተቃወሙም። በአንዲት ቃል ሊያስቆሙት ይችሉ ነበር።

ተሳስቼ እንዳይሆን እንደ ሒሳብ ደጋግሜ አየሁት። ወንድማቸው ነው እንዳልል ወንድም አልነበራቸውም። አባታቸው ነው እንዳልል ከወረራው በፊት ሞተዋል። የቶሮንቶዋ ሴት ለኔም ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ልብ ያላት ሴት ናት። ቤታቸው ውስጥ የአያቷ ፎቶግራፍ በሜዳልያ ተሰቅሎ እንደሚኖርም ነገረችኝ፤ የውስጥ አርበኛ ነበሩ፤ በካምፑ የሚሰማውን ወደ ጫካ ያሻግሩ ነበር። እኔም እምዬ የምታመላልሰው ጠላና ዳቦ ብቻ ነበርን? ብዬ አሰብሁ። ሚያዝያ 27 ቀን ልጃቸው መስኮት ዘግቶ ሲተኛ እሳቸው ሜዳልያቸውን ደርተው ይሰለፉ ነበር። በደብዳቤው መጨረሻ ደሴ ያሉት ሽማግሌ አጎቷ ይህን እንዳይሰሙ ለመነችኝ፤ እሺ አልኋት። ስም ሳልጠራ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ሰውየው ደግ ነበሩ? ስንዴው እውነት ነው፤ ሙክቱም፣ መኪናውም እውነት ነው። በዚያ መኪና የተሰፋ ልብስ ነው አባቴን ያስተማረው፤ እኔም ዲግሪዬን የያዝሁት በዚያው መኪና ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን እኔ በባንክ እንደምሠራ ሰው፣ ዕዳውን በስጦታ ስም የሚከፍል ተበዳሪ አያለሁ። አመስጋኝ ይሰበስባል፤ ዕዳው ግን በመዝገብ አይታይም። በእሳቸውና በእምዬ መካከል ምን እንደነበረ፣ ፈቃድ ይሁን ግዳጅ፣ ሴንቲሞርጋን አይናገርም። ጭሰኛው አባቷስ ስሙን ያበደረው ለልጁ አዝኖ ነው ወይስ መሬቱን ፈርቶ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ለአባቴ መንገሩ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቡና እየጠጣ ሳለ ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ወይም ያለቅሳል ብዬ። ስኒውን አስቀመጠና መኪናውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«እምዬ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለኝ።

ያን አላሰላሁትም ነበር። የባንክ ሰው ሆኜ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር ቆጥሬ፣ አንዷን ቁጥር አላሰላሁም። እምዬ ልደቷን አታውቅም፤ ግን በጃንሆይ የዘውድ በዓል ጊዜ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሰው ይስቅባት እንደነበር ለአባቴ ታጫውተው ነበር። የዘውዱ በዓል ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። የፊት ጥርስ የሚወልቀው በስድስትና በሰባት ዓመት ነው። አያቴ የተወለዱት በ1932 ዓ.ም.። ጣቶቼን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ ቆጠርሁ።

«አሥራ አምስት፤ ቢበዛ አሥራ ስድስት» አልሁት።

አባቴ ሌላ አልጠየቀኝም። ተነሥቶ ከመኪናው ላይ ዳንቴሉን አነሣና አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እናቴ ዳንቴሉ የት ገባ ብላ ስትጠይቅ «ይታጠባል» አላት። እስከ ዛሬ አልታጠበም።

አባቴ በየዓመቱ በጾመ ፍልሰታ በጸሎት የሚታሰቡትን ሙታን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፎ ለካህኑ ይሰጣል። ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚል የምገለብጥለት እኔ ነኝ። ወረቀቱ አሮጌ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም፤ በመጀመሪያው መሥመር የክርስትና አባታቸው፣ ከዚያ የእምዬ አባት፣ ከዚያ እምዬ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ባለፈው ፍልሰታ እስክሪብቶዬን ይዤ የመጀመሪያው መሥመር ላይ ቆምሁ። በመስኮቴ ፊት እንደሚቆሙት ሰዎች ጣሪያውን አየሁ።

«አባዬ፣ እሳቸውን ልጻፋቸው?» አልሁት።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ጠረገ።

«ጻፋቸው» አለኝ። «ከእሷ በታች።»